ጭኔ ውስጥ ሌላ ትርታ

ኅዳር 12፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሁለቱን ክኒን ውጫለሁ፤ ነጯንና ሮዟን። ልጄ ሰብለ ወደ ፋብሪካ ሄዳለች። የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ነው። አንዱ እንዝርት ሞልቷል፣ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። የማሾረው በግራ ጭኔ ነው። በቀኙ እንዳላሾር ተነግሮኛል።

ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሁሉም ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። በሽታ ይውጣ ይላሉ። ጎረቤቴ ብርቄ ደግሞ አሮጌ ጫማና ላስቲክ ጨመረችበት። በሽታውን ትተሽ ሰውን ልታስወጪ ነው አልኳት። አንቺ ምን አለብሽ፣ ብረት ተገጥሞልሻል፣ አለችኝ።

ደብተር፣ አንተ አዲስ ስለሆንክ ልንገርህ። ያለፈው ደብተር ገጹ አልቋል። ስኳር አለብኝ። ወደ ቀኝ እግሬ ደም የሚያወርደው ስር ጠቦ እግሬ እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ ነበር፣ የአውራ ጣቴ ቁስልም አልድን አለ። ጥቅምት 19 አ/አ አንድ ሆ/ል በብሽሽቴ በኩል ሽቦ አስገቡልኝ። እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት፣ ዙሪያው እንደ ወንፊት የተጠለፈ። ስቴንት ይሉታል። እኔ ሽቦዋ እላታለሁ። እግሬ ሞቀ፣ ቁስሉ መድረቅ ጀመረ። ብሽሽቴ ላይ ግን ደም ቋጥሮ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሆኖ ነበር። አሁንም ቢጫው አልጠፋም።

10 ሰዓት። ብርድ ያዘኝ። የደ/ብርሃን ብርድ አይደለም፣ እሱን አውቀዋለሁ፤ ከቆዳ ነው የሚገባው። ይኼ ከአጥንት ይወጣል። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሰብለ ስትገባ ሁለት ባና ደረበችልኝ። ባናዎቹ ተንቀጠቀጡ አለች። እኔ ነኝ ለማለት አንደበቴ አልታዘዘም።

ኅዳር 14፣ ከሰዓት

መምሬ ተክሌ ከአንኮበር መጡ። ታናሽ ወንድሜ ናቸው፣ በአባታችን ደብር ይቀድሳሉ። አንቱ እላቸዋለሁ፣ ክህነት ነው። አንቺ ይሉኛል።

በጀርባዬ አዝዬ ነው ፊደል ያስቆጠርኳቸው። አስተማሪው አባታችን ነበር። ልጆቹ ከጥዱ ስር ሲጮሁ እኔ አውርጃቸው እንጨት ልለቅም እሄዳለሁ። ለራሴ ፊደል የቆጠርኩት በ58 ዓመቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ቀበሌ በከፈተው የጎልማሶች የማታ ትምህርት። አሁን 66 ነኝ። ቂም ነው? ቂም ነው። አንተ ፊት ምን እደብቃለሁ።

ስለ ሕመሜ ፍርዳቸው አጭር ነበር። በኅዳር መግቢያ አልዩ አምባ ወርጄ ነበር፣ የባሌ እህት ሞታ ለቅሶ። ሦስት ቀን ቆላ ውዬ አድሬያለሁ፣ ትንኝ በልቶኛል። ቆላ ወርዶ የመጣ ደገኛ ሲንቀጠቀጥ ምርመራ አያሻውም፣ ንዳድ ነው፣ አሉ። በአንኮበር ይህን የማይል ሰው የለም። እኔም ስንቱን ሰው ብያለሁ። ከአንድ ምእመን የተረፈ የወባ ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ይዘውልኝ መጥተዋል።

የአ/አው ሆ/ል የሰጠኝን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ይላል፣ ከስሩ ስድስት መስመር አለው። እኔ ስወጣ በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤው ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። መምሬ እንደ ዳዊት ሳይተነፍሱ ወረዱት።

«ትኩሳት ይላል» አሉ። «ትኩሳት ስንት ዓይነት ነው? የአዲስ አበባ ሐኪም ቆላና ደጋ ምን ያውቃል።»

አጥፈው መለሱልኝ። ክኒኑን ዋጥኩ። ጾም ነገ ይገባል።

ኅዳር 16፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እግሬን እየታጠብኩ አየሁት። የቀኝ እግሬ ጣቶችና ውስጥ እግሬ ላይ ነጠብጣብ ወጥቷል። ጥቁር ቀይ ነው፣ የስናፍጭ ፍሬ ያህላል። በጣቴ ብጫነው አይጠፋም። አያሳክክም። ግራው እግሬ ንጹሕ ነው።

ብርቄን ጠራኋት። ቁንጫ ነው አለች።

ቁንጫ ቀኝና ግራ ይለያል ወይ?

«የተማረ ቁንጫ ነው» አለች። «እንዳንቺ ማታ ማታ።»

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ሁለታችንም እግሬን አየን። ብርቄ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች።

ቆጠርኳቸው። አሥራ ዘጠኝ።

9 ሰዓት። ሃያ ስድስት። ሲወጡ አላየሁም። ዓይኔን ግን ከእግሬ አላነሳሁም ነበር።

ኅዳር 18፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

የወባው ክኒን አልቋል። ትኩሳቱ አልሄደም። ይመጣል፣ ያርሰኛል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ብሽሽቴ ስራመድ ይቆነጥጠኛል።

ጥላ በበሩ ገባ። ቀና አልኩ፣ አባቴ ነው። የሞተው ሰብለ ሳትወለድ ነው። ነጠላውን አጣፍቷል። ፊቴን አላየም፣ የሚያየው ጭኔን ነው።

«እንጨቱን ለቀምሽ?» አለኝ።

ለቀምኩ አልኩ።

ትኩሳት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከሄደ በኋላ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። በጠራራ ፀሐይ።

ብርቄ ከልጇ የጥርስ ሕመም የተረፉ ባለ ሁለት ቀለም ክኒኖች አመጣችልኝ። በቀን ሦስት ዋጪ፣ ለሁሉም ነገር ይሆናል አለች። ሰብለ ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። ፈረቃዋ ሲቀየር እንሄዳለን አልኳት። መምሬ ወባ ብለዋል፣ እኔ ማን ነኝ።

ኅዳር 20፣ ጠዋት

ትኩሳት የለም። ትናንትም አልነበረም። ሽሮ በላሁ። እንዝርቱን አነሳሁ። ሰብለ ፊቷ በራ። መምሬ በስልክ አላልኩሽም አሉ። የዳንሽው በወባው ክኒን ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ሠራ፣ ይላሉ። ብርቄ ደግሞ በኔ ነው ትላለች። ይከራከሩ።

አንተ ግን ስማኝ። ሌባ ገብቶ ውሻው ድንገት ዝም ሲል ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ? እንደዚያ ነው ገላዬ።

ኅዳር 22፣ 8 ሰዓት

የብርቄ ድመት ሰው አትቀርብም። ዛሬ መጥታ ቀኝ ጭኔ ላይ ወጣች። ለሙቀት መሰለኝ። አልተኛችም። ጆሮዋን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የአይጥ ጉድጓድ እንደምታደምጥ ቆየች። ገፋኋት። ተመልሳ መጣች።

ኅዳር 24፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ትነቃነቃለህ።

ቀኝ ጭኔ ላይ አስቀምጬህ ነበር የምጽፈው፣ እንደ ልማዴ። ፊደሌ ተንሻፈፈ። የእጄ መንቀጥቀጥ መስሎኝ እስክሪብቶውን ገጹ ላይ አጋድሜ እጄን አነሳሁ። እስክሪብቶው ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ ተንከባሎ ወደቀ።

እንዝርቱን አስቀመጥኩ። ጫፉ ራሱን ነቀነቀ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ እንደሚል ሰው።

ቀሚሴን ገልጬ መዳፌን አኖርኩ። ከብሽሽቴ ዝቅ ብሎ ሎሚ የሚያህል ነገር አለ። ይሞቃል። ቆዳው ቀልቷል። ይመታል። በሌላው እጄ አንገቴን ያዝኩ። አንገቴ መጀመሪያ ይመታል፣ ጭኔ ይከተላል። አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ቃሉን ይደግማል።

ማታ። ለሰብለ እስከ አሁን አልነገርኳትም ነበር። ስነግራት እጇን አኖረች፣ ቶሎ አነሳች። እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች። ልጄ ናት። ጠረገች።

ኅዳር 26፣ አንኮበር፣ ከሰዓት

መጣሁ። መምሬ ሱባኤ ግቢ፣ ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቂ ብለዋል። ሰብለ ሆ/ል ይቅደም ብላ አለቀሰች። እኔ እሺ ያልኩት ለመምሬ ነው። ስልሳ ዓመት እሺ ያለ ምላስ ሌላ ቃል አይቀናውም።

ጉም ከቆላው ሽቅብ እየወጣ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም፣ ደወሉ ብቻ ይሰማል። የብርቄ ክኒን ትናንት አልቋል። ብርዱ ተመልሷል፣ ከፊተኛው የባሰ።

መምሬ አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ውኃ አሙቀው እግሬን ራሳቸው ሊያጥቡ ተንበረከኩ። ይቅርብኝ ብላቸው አልሰሙኝም። ጥሩ ሰው ናቸው። ይኼንንም ልጻፈው፣ ሐሰት እንዳይሆንብኝ።

ካልሲዬን አወለቁ። ነጠብጣቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። አሁን መቁጠር ትቻለሁ፤ ተጋጥሟል፣ ሁለቱ ጣቶቼ ጠቁረዋል። እጃቸው ውኃው ውስጥ ቆመ። ሙታን ስለሚገንዙ ገላ ያውቃሉ። ፊታቸውን አየሁት።

እግሬን በነጠላቸው ሸፈኑት።

ወረቀቱን ከአንተ ውስጥ አወጣሁ። በጣቴ ወረድኩ። አምስተኛው መስመር፦ ስቴንቱ ባለበት እግር ላይ ጥቁር ወይም ቀይ ነጠብጣብ። ስድስተኛው፦ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ የሚመታ እብጠት። አንደኛው ትኩሳት ነበር። መምሬ የያዙት አንደኛውን ብቻ ነው። እኔ ስድስቱንም አንብቤ ነበር፣ ያውም በራሴ ዓይን። የማምነው የእሳቸውን ንባብ ሆነ።

መምሬ፣ ይኼ ወባ ነው? አልኳቸው።

እሑድ ድረስ ቆዪ፣ ሱባኤው ይሙላ፣ አሉ። ድምፃቸው የቅዳሴ ድምፅ አልነበረም።

ኅዳር 27፣ ደ/ብርሃን ሆ/ል

መምሬ ለኪዳን ሲወጡ እኔም ወጣሁ። ዱላ ይዤ። እስከ መኪናው መቆሚያ ሩብ ሰዓት መንገድ ነው፣ ጉሙ የራሴን እጅ ከልሎታል። ስራመድ ዱላዬ፣ ግራ እግሬ፣ ቀኝ እግሬ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ሌላ። ስቆም ሦስቱ ይቆማሉ፣ አራተኛው አይቆምም። ጆሮዬ ውስጥ የሚመታው የጭኔ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዞር ግን አላልኩም።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እማማ ታተኩሻለሽ፣ ልብሴን አልፎ ተሰማኝ አለች። ከመንገድ ደውዬላት ሰብለ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ቀጥታ ሆ/ል።

ዶ/ሯ የሰብለ እኩያ ናት። ወረቀቱን አነበበች፣ ስድስቱንም። እያንዳንዱ መቼ እንደጀመረ ጠየቀችኝ። ያንተን ገጾች ገልጬ ቀኑን ነገርኳት። እንዲህ ያለ ታማሚ አይቼ አላውቅም አለች። ከዚያ ምን መድኃኒት ወሰዱ አለች። የብርቄን ክኒን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክኒኑ ጀርሙን አልገደለውም፣ አስተኛው አለች። ሰባት ቀን ሰርቆናል።

ጭኔ ላይ እጇን አሳረፈች፣ ሳትጫን። ማዳመጫውን አኖረች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ድመቷ ትዝ አለችኝ። ማንም እንዳይጫነው፣ እንዳያሸው፣ እንዳይበጣው አለች። እኔም ከአልጋ እንዳልወርድ።

ደም ከግራም ከቀኝም እጄ ቀዱ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየጠርሙሱ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ የጀርሙ ስም እንዲታወቅ። ለወባም አዩ። ወባ የለም። ከዚያ በግሉኮስ በኩል ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለቀቁብኝ።

በአልትራሳውንድ መስኮት አሳየችኝ። ሽቦዋ ነጭ መስመር ናት። አጠገቧ ጥቁር ጉድጓድ አለ፣ ደም ገብቶ ይዞራል፣ ይወጣል። አዙሪት ነው፣ እንደ በረሳ ወንዝ በክረምት። ጀርሙ ሽቦዋ ላይ ሰፍሯል፣ አለች። ብረት ላይ የተቀመጠ ጀርም መድኃኒት በደንብ አይደርሰውም። የስሩን ግድግዳ እየበላው ነው። እግርዎ ላይ ያለው ነጠብጣብ ከዚያ እየተሰበረ ደም የወሰደው ፍርፋሪ ነው። እንዲህ ያለው እምብዛም አይገጥምም፣ ስለዚህ ሰው አያስበውም፣ አለች።

በአምቡላንስ አ/አ ልትልከኝ ነው። ሽቦዋ መውጣት አለባት።

ኅዳር 29፣ አ/አ

ሌላ ሆ/ል፣ ሌላ አልጋ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ትኩሳቱ ወርዷል። ትርታው አልወረደም። አንሶላው እንኳ ይነቃነቃል። የምሳ ሰሃን የምታመጣው ልጅ አንሶላውን እያየች ሰሃኑን አስቀምጣ ሮጠች።

ታኅሣሥ 1፣ ጠዋት 4 ሰዓት

የደሙ ውጤት መጣ። ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ተራ ጀርም ነው። ለዚህ ነው አባቴን ከመቃብር ያስነሳሁት።

ቀዶ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሽቦዋን ከበሰበሰው ስር ጋር ያወጣል። ከግራ እግሬ ስር ወስዶ፣ በንጹሕ ሥጋ በኩል አዙሮ፣ ለደሙ ሌላ መንገድ ያበጅለታል። ከዚያ በኋላ ሳምንታት መድኃኒት። መንገዱ ካልያዘ እግሬ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል። ልሞትም እችላለሁ። ባይነካስ? አልኩት። አንድ ቀን ይፈነዳል አለ። መቼ? እጁን ዘረጋ። ማስነጠስ ይበቃዋል።

ለመምሬ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አትጠይቀኝ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ ነይ ግቢ አሉኝ። ገላሽን ሳትጎድይ ነይ። እግርሽን ለሆ/ል ጥለሽ ከአባታችን ጎን በግማሽ ልትተኚ ነው? እኔ እቀብርሻለሁ፣ እኔ እፈታሻለሁ፣ አሉ። አለቀሱ። ወንድሜ ሲያለቅስ የሰማሁት ታዝሎ ሳለ ነው።

እሺ መምሬ አልኩ።

ሰብለ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ጃኬቷን ለብሳ ወጣች።

ታኅሣሥ 2፣ 9 ሰዓት

ሐኪሙ መጣ። አልፈልግም አልኩት። አልተከራከረኝም። ነገ 4 ሰዓት የቀዶ ክፍሉን ይዤልዎታለሁ፣ እስከዚያ ሐሳብ ይለወጣል፣ አለ።

እብጠቱ ብርቱካን አክሏል። አናቱ ላይ ቆዳው ሳስቶ ያብረቀርቃል። ከስሩ የሚዞረው ይታየኛል፣ ወይም የሚታየኝ ይመስለኛል። እንዳላስነጥስ አፍንጫዬን ይዤ እውላለሁ። ሌላው ሰው ደሙን ተሸክሞ ይዞራል። እኔን ደሜ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሰብለ ተመለሰች። ፀጉሬን ሠራችልኝ፣ እንደ ልጅ። ከኋላዬ ሆና ተናገረች፣ ፊቷን አላየሁም። እማዬ፣ በአንድ እግር ብትመጪ አዝልሻለሁ አለች። አጎቴ ግን አስከሬንሽን ነው የሚያዝለው።

እሷም ሠርታ ጨርሳ ፈታችው፣ እንደገና ጀመረች።

መምሬ ደወሉ። ነገ ሊወስዱኝ ይመጣሉ። መኪና ይዘዋል፣ ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርሳሉ።

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሐኪሙ ሲገባ አውጣት አልኩት። ሽቦዋን። እግሬም ከሄደ ይሂድ። የፈቃዱን ወረቀት ሰጠኝ፣ ሁሉንም አነበብኩ፣ ጠበቀኝ።

መምሬ ስድስት ሰዓት አይሞላቸውም። ለሐኪሙ እንዲህ አልኩት፦ ወንድሜ ሳይደርስ አስገባኝ። ሰዓቱ እንዳይገፋ። ሊያስቆሙዎ ይችላሉ ወይ? አለ። አይችሉም፣ እኔ ነኝ የማቆመው፣ አልኩት። ፊታቸውን ካየሁ እሺ እላለሁ። ራሴን አውቃለሁ። ስልሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ።

ሳቀ። ከዚያ እንደማልቀልድ አየ። ከፊቴ የነበረውን ታማሚ ወደ ኋላ አዞረው።

3፡40። ሰብለ ስልኳን አየች። መምሬ ሸኖ አልፈዋል አለች። አልጋ የሚገፋው ሰውዬ መጣ፣ ሻይ የጠጣ ይመስላል፣ ተረጋግቷል። የአልጋውን ብረት ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል።

ፈጠን በል አልኩት። አሁን አንተን ለሰብለ ልሰ